አራተኛው የወሰን ድንጋይ

በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ብዙ ነገር ይሰረቃል። ስልክ ይሰረቃል፣ ፍየል ይሰረቃል፤ አንድ ጊዜማ የሠርግ ድንኳን ከነወንበሩ ተሰርቆ ሙሽሮቹ ፀሐይ ላይ ቀርተዋል። ድንጋይ ተሰረቀ ተብሎ ፖሊስ ሲጠራ ግን ያ የመጀመሪያው ነበር።

ኢንስፔክተር ኡሙልኸይር ስልኩን ስታነሣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። ቦታው ደርሳ ወይዘሮ ገበያነሽን ስታያቸው ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፋ። ሴትዮዋ በራቸው ደፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው፣ ሬሳ እንደሚጠብቅ ሰው መሬት መሬቱን ያያሉ። ከቤታቸው ጎን በምትገባው ጠባብ መተላለፊያ ጥግ ላይ፣ ከጎረቤታቸው ከሐዲጃ የጣውላ ቤት ወዲያ፣ አንድ ጉድጓድ አፉን ከፍቷል።

«ትናንት ጠዋት ነበር» አሉ። «ከቀትር በኋላ የለም።»

«ምን ዓይነት ድንጋይ ነው እትዬ?»

«የወሰን ድንጋይ ነዋ! ከሲሚንቶ የተሠራ፣ አናቱ ቀይ የተቀባ። ጂኦሜትሩ መሬቴን ለክቶ በአራቱም ማዕዘን የተከላቸው ናቸው። ሦስቱ አሉ፤ አራተኛው ሄደ።»

የጅቡቲን ነገር የማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ግርግር ለአንድ ድንጋይ ነው ወይ ይል ይሆናል። በነዚህ ቁጥር በተሰጣቸው አሮጌ ሰፈሮች ቤቱ የሰው ነው፤ ከቤቱ ሥር ያለው መሬት ግን የመንግሥት። ነዋሪው በፈቃድ ይቀመጣል፣ ፈቃዱ ሲያልቅ ያሳድሳል፣ ጎረቤቱ ሲነሣ ባየ ቁጥር ልቡ ድው ይላል። ጣውላና ቆርቆሮውን አፍርሶ በብሎኬት የሠራ ሰው ግን መሬቱን ከመንግሥት ገዝቶ የግሉ ማድረግ ይችላል። ያኔ የሚያገኘውን የባለቤትነት ማረጋገጫ ሰፈሩ በፈረንሳይኛው ቲትር ይለዋል። ቲትር ያለውን ሰው ተነሥ የሚለው የለም።

ወይዘሮ ገበያነሽ ከኢትዮጵያ ለሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሽሮና ፓስታ እየሸጡ፣ በዚያ ሙቀት ምድጃ ፊት ቆመው፣ ቤታቸውን አንድ ግድግዳ አንድ ግድግዳ እያሉ ወደ ብሎኬት ለውጠውታል። የመሬቱንም ዋጋ ከፍለው ጨርሰዋል። የቀረው ቤቱንና ወሰኑን አይቶ የሚያጸድቀው የመንግሥት ኮሚሲዮን ጉብኝት ብቻ ነው፤ እሱም ነገ ጠዋት ነው። አራቱ ድንጋዮች ካልተገኙ መዝገቡ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፈቃዳቸው ደግሞ በዚህ ወር ያበቃል። ከዚያ በኋላ ቦታው ለሌላ ገዢ ክፍት ይሆናል።

«ዕድሜዬን ነው የተሰረቅሁት ልጄ» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ቀና ሳይሉ።

ኡሙልኸይር አባቷ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ልጅነቷን ያሳለፈችው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አማርኛዋ ከሰፈሩ ሐበሾች አይተናነስም። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ግን ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ነው የሚለው፤ ከወይዘሮ ገበያነሽ ጋር ስታወራ «እርስዎ»ን አፏ ላይ ለማቆየት ትንሽ ትታገላለች።

ዙሪያውን ቃኘች። የወይዘሮ ገበያነሽ አዲስ የብሎኬት ግድግዳ እዚህ፣ የሐዲጃ አሮጌ የጣውላ ቤት እዚያ፤ በሁለቱ መካከል አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ክፍተት አለች። ከዚያ ከኩሽናው ኋላ መሬቱ ውኃ ተረጭቶ፣ በደንብ ተጠርጎ ተደልድሏል።

«ይህን ማን ጠረገው?»

«እኔ ነኛ። ይኼ የኻምሲን ነፋስ አቧራውን እያነሣ አላስቀምጥ ቢለን ነው።»

መልሱ የሚያጠራጥር አልነበረም። ኡሙልኸይር ማስታወሻ እንኳ አልያዘችበትም።

በዚህ መሐል የሥራ ባልደረባዋ ዓብዱረዛቅ ደረቱን ነፍቶ መጣ። ዓብዱረዛቅ መልካም ፖሊስ ነው፤ ችግሩ ትዕግሥት የሚባል ነገር እናቱ ሳትሰጠው ነው የወለደችው።

«ሌባው ተይዟል ኢንስፔክተር!» አለ። «ቡልቻ ይባላል። ወደ የመን ሊሻገር መጥቶ እዚሁ የቀረ ልጅ ነው። ዶማው እርጥብ አሸዋ ይዞ ተገኝቷል።»

ወይዘሮ ገበያነሽ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ቡልቻ? እሱ ምን በወጣው!» ከዚያ ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ኡሙልኸይር ይህችንስ ልብ ብላለች።

ቡልቻ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ፣ ትከሻው ግን የትልቅ ሰው የሆነ ጎበዝ ነው። ጣቢያው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የወይዘሮ ገበያነሽን ብሎኬት ያቦካው እሱ ነው፤ ሲመሽም በረንዳቸው ላይ ነው የሚያድረው።

«ዶማው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ትናንት ቆፍረህበታል?»

«አይ። ትናንት ወደብ ጭነት ሳወርድ ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ እርጥብ አሸዋ ከየት መጣ?»

አንገቱን እንደደፋ «ደጅ ነው የማስቀምጠው። የፈለገ ያነሣዋል» አለ።

«ማን አነሣው?»

«አላየሁም።»

«ቡልቻ፣ ስማኝ። ከተከሰስክ በዚህ ሳምንት ወደ ድንበር ተጭነህ ትመለሳለህ። ስንት በረሃ በእግርህ አቋርጠህ መጥተህ ለአንድ ድንጋይ?»

ልጁ ያኔ ቀና ብሎ አያት። ዐይኑ ውስጥ ፍርሃት አለ፤ ከፍርሃቱ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ የሰው እንጀራ በልቻለሁ» አለ። «አላየሁም አልኩሽ፤ አላየሁም።»

ኡሙልኸይር ብዙ ውሸታም አይታለች። ለራሱ የሚዋሽና ለሌላ ሰው የሚዋሽ ሰው ድምፃቸው አንድ አይደለም። ይህ ልጅ ለሌላ ሰው ነው የሚዋሸው። ለማን እንደሆነ ግን ገና አልገባትም።

«ቦታውን ማን ይፈልገዋል?» ብላ ሰፈሩን ብትጠይቅ ሁሉም አንድ ስም ጠራ፤ ሽብሩ ደላላው። ሽብሩ መሬት ሲያሻሽጥ የኖረ ሰው ነው፤ ለወይዘሮ ገበያነሽ ቦታም ስንት ገዢ አምጥቶ ተመልሷል። «እምቢ ያለች ሴት በሕግ ትለቃለች» ብሎ ሲዝት የሰሙት ብዙ ናቸው።

ሽብሩን ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አገኘችው። ሸሚዙ እስከ ደረቱ ተከፍቷል፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል።

«ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበርክ?»

«ኸረ ኢንስፔክተር! የት እሆናለሁ? ጫቱ እንደደረሰ ገዝቼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ጋደም ብዬ እቅማለሁ። እንደ ወትሮው።»

ኡሙልኸይር ፈገግ አለች። «ትናንት ጫት ስንት ሰዓት ገባ?»

«በሰዓቱ ነዋ።»

ይህን ሲል በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ትናንት ጫቱ ዘግይቷል። በዚህ ከተማ መብራት ቢጠፋ ሰው ይረሳዋል፣ ውኃ ቢቋረጥ ይለምደዋል፤ ጫት የዘገየበትን ቀን ግን የሚረሳ የለም። ሰፈሩ በሙሉ ወንዱም ሴቱም ወጥቶ የጫት መደቦቹ ዘንድ አፍጦ ቆሞ ነበር። መንደሩ ባዶ የቀረውም ለዚሁ ነው፤ ድንጋዩ ሲሄድ ያየ ሰው የጠፋው ለዚሁ ነው።

«ዋሸህ፤ ተነሥ» አለችው።

ሽብሩ ላብ በላብ ሆነ። ወደ ጥግ ወሰዳትና በሹክሹክታ፣ «በእናትሽ ስሜን እንዳታጠፊው» አለ። «ጫት ትቻለሁ። ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ጉንጭህ ውስጥ ያለውስ?»

ሽብሩ ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና የጉንጩን ጥግ ከፈተላት፤ ማስቲካ ነው። የሰው መሬት የሚሸጠው መቃሚያ ቤት ተቀምጦ ነው፤ የማይቅም ደላላ ደግሞ ማን ያምነዋል? ትናንትም ለጉልበቱ ሕመም መድኃኒት ነው ብለውት ራስ ዲካ ባሕር ዳር እርጥብ አሸዋ ውስጥ እስከ ወገቡ ተቀብሮ ነበር የዋለው። ዓብዱረዛቅ ሄዶ ዓሣ አጥማጆቹን ጠየቀ። «አዎ፣ ያንን የተተከለ ሰውዬ አይተነዋል» አሉት እየሳቁ።

አንድ ተጠርጣሪ ቀነሰ፤ ሰዓቱ ግን እየነጎደ ነበር።

ሐዲጃን ኡሙልኸይር «ኤዶ» ብላ ነው የጠራቻቸው፤ ሶማሌ የተከበረች አክስቱን የሚጠራው እንደዚያ ነው። ሐዲጃ ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ አሮጊት ናቸው። ወጣት ሳሉ ፈረንሳዮች ቤት ሲሠሩ ኖረዋል። አማርኛውን ያስተማሯቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ናቸው። በአንዲት የጣውላ ክፍል ውስጥ አልጋ፣ ሳጥን፣ የስግደት ምንጣፍ፤ ሌላ ምንም የላቸውም። ሳጥኑ በገመድ ታስሯል። የጣሪያው ቆርቆሮ በአንድ በኩል ምስማሩ ተነቅሎ በነፋሱ ይንኳኳል።

«ሊሄዱ ነው ኤዶ?»

«ከከተማው ዳር፣ ፔካ አሥራ ሁለት። የወንድሜ ልጅ ዘንድ።»

«በድንገት?»

«ዕድሜዬ ገፍቷል። ብቻዬን ይከብደኛል።»

«ትናንት ከቀትር በኋላ ያዩት ነገር አለ?»

«ዋላሂ ምንም። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።» የሳጥኑን ገመድ ጠበቅ አድርገው፣ «ድንጋዩ ካልተገኘ ገበያነሽ ቲትሯን ታጣለች?» አሉ።

«ታጣለች።»

አሮጊቷ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው የሳጥኑን ገመድ እንደያዘ ነው። ዓብዱረዛቅ ከውጭ ሆኖ ኢንስፔክተሯን በዐይኑ ጠራት።

«ሻንጣ ያሰረ ሰው ጥፋተኛ ነው» አላት።

«ወይም መንገደኛ» አለችው። ሆኖም ልቧ ውስጥ ጥርጣሬ ገብቷል። መኪናው ውስጥ ገብታ ለጂኦሜትሩ ለሙሕሲን ደወለች።

ሙሕሲን በስልክ ንግግሩ እንኳ የተለካ ነው። «አራተኛው ድንጋይ? ከጣውላዋ ክፍል ወዲያ ነው ያረፈው» አላት። «በፈቃዱ መሠረት ያቺ ክፍል የወይዘሮ ገበያነሽ ይዞታ ውስጥ ናት።»

«ምን ማለት ነው?»

«በድንጋዮቹ መካከል የጣውላ መጠለያ ካለ ኮሚሲዮኑ አይቀበልም። መፍረስ አለባት። ድንጋዩን የተከልኩ ቀን ለሴትዮዋ በፈረንሳይኛ ነግሬያቸው፣ አንዱ ሾፌር አስተርጉሟል።»

«ኤዶ ሐዲጃ ያኔ የት ነበሩ?»

«እዚያው ክፍላቸው ውስጥ፤ በሩ ተዘግቶ ነበር።»

ዓብዱረዛቅ መሪውን በመዳፉ መታ። «በቃ! አሮጊቷ ፈረንሳይኛ ታውቃለች፣ በጣውላው ስንጥቅ ሰምታለች። ድንጋዩ ከጠፋ ክፍሏ ዳነች። እንያዛት!»

ኡሙልኸይር የመኪናውን በር ከፈተች። ነገሩ ልክ ይመስላል፤ አንድ ቆርቆሮ ግን አላስቀምጥ አላት። ቤቷን ለማዳን ድንጋይ የሰረቀች ሴት ጣሪያዋን በገዛ እጇ ለምን ትነቅላለች?

ተመልሳ ወደ መተላለፊያዋ ሄደች። ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች። ከመተላለፊያዋ አፍ ላይ የመኪና ጎማ ምልክት አለ። ከጎማው ምልክት ኋላ አሸዋው ተጨፍልቋል፤ ተጨፍልቆ በቀረው ቦታ ላይ የቀይ ቀለም ፍርፋሪ ታየ።

«እትዬ፣ ትናንት እዚህ መኪና ቆሞ ነበር?»

«የደንበኛዬ የካሣ አይሱዙ ነው። ምሳውን በልቶ ሄደ።»

ኡሙልኸይር ቀጥ ብላ ቆመች። ልጅነቷ ትዝ አላት። ድሬዳዋ የጭነት መኪና በቆመ ቁጥር ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደግፋል። ታኮ ይሉታል።

«ታኮ!» አለች ጮክ ብላ።

ዓብዱረዛቅ ግራ ገባው። «ይህ ከተማ እንደ ትሪ ሜዳ ነው። መኪናው ወዴት ይንከባለላል?»

«ሐበሻ ሾፌር ሜዳ ላይም ይደግፋል። ልማድ ነው። ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው።» በጣቷ ባዶውን ቦታ አሳየችው። «ሾፌር ሲነሣ ታኮውን እዚያው ጥሎ ነው የሚሄደው፤ መንገዱ ሁሉ የተሞላው በነሱ ድንጋይ ነው። እዚህ ግን የለም። ድንጋዩን ይዞ የሚሄድ ሾፌር ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ፔካ አሥራ ሁለት ላይ የጭነት መኪናዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ወረፋ ይዘው ተደርድረዋል። ሾፌሮቹ ከተሳቢው ሥር ባለው ጥላ ምንጣፍ ዘርግተው ካርታ ይጫወታሉ። ካሣን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። የሁሉም መኪና በተራ ድንጋይ ተደግፏል፤ የአንዱ ግን አናቱ ቀይ በሆነ፣ በአራት ማዕዘን በተቀረጸ የሲሚንቶ ድንጋይ።

ዓብዱረዛቅ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ቀረ።

ካሣ ከምንጣፉ ላይ ተነሣ። ሽበት የጀመረው፣ እርጋታ ያለው ሰው ነው።

«ጋሼ ካሣ፣ ይህን ከየት አመጣኸው?» አለችው።

«ከእትዬ ገበያነሽ ቤት። የኔ ታኮ ለሁለት ተሰንጥቆብኝ ነበር። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«የወሰን ድንጋይ ነው እኮ!»

ካሣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወይኔ! ከግንባታ የተረፈ ነው ያልኩት! እትዬን ለመጠየቅ ተጣርቼ ነበር፤ ውኃ ፍለጋ ወጥተው ነው መሰለኝ አጣኋቸው እንጂ…»

«ለምን ይዘኸው ሄድክ? ሌላው ሾፌር እዚያው ይጥል የለ?»

ካሣ ጎንበስ ብሎ ከጫማው ላይ አሸዋ አራገፈ። «ታናሽ ወንድሜ ሞተር ይነዳ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ታርማ በር ላይ፣ አንዱ ጥሎት በሄደ ታኮ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ጥዬ አልሄድም። ፍሬንም አላምን፣ ድንጋይም አልጥል።»

ኡሙልኸይር ይህን ሰው በልቧ አከበረችው። ሌላው ሾፌር ቢሆን ድንጋዩ መንገድ ላይ ተንከባሎ የትም በቀረ ነበር።

«ስታነሣው በትክክል የት ነበር? ጥጉ ላይ ተተክሎ?»

«ኧረ አልነቀልኩም! ተነቅሎ፣ ከእትዬ ኩሽና ኋላ ግድግዳው ሥር ተጋድሞ ነው ያገኘሁት። አጠገቡ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ዶማም ነበር። በባልዲ ደረቅ ሲሚንቶ ተቀምጧል፣ ውኃ አልገባበትም።»

ኡሙልኸይር ድንጋዩን መኪናው ውስጥ አስጫነች። እየተመለሱ ሳለ ዓብዱረዛቅ ሲያወራ አትሰማውም። ሁለት ጉድጓድ። አንዱ ከሐዲጃ ክፍል ወዲያ፣ ሌላው ከሐዲጃ ክፍል ወዲህ፤ ተረጭቶ የተጠረገው እሱ ነው። ኻምሲኑን ለማብረድ ሰው በሩን ይረጫል እንጂ ነፋስ የማይገባበትን የኩሽና ኋላ ማን ይረጫል?

በሥራ ዘመኗ ብዙ የወሰን ድንጋይ ሲሄድ አይታለች። ድንጋይ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ጎረቤት ነው፤ የባለቤቱን መሬት ሊያሰፋ። ወንድም በወንድሙ ላይ፣ ልጅ በአባቱ ላይ ድንጋይ ሲገፋ መዝግባለች። ይህ ድንጋይ ግን ወደ ውስጥ ነው የሄደው። የነቀለው ሰው የገዛ መሬቱን ሊያሳንስ ነበር።

«መኪናውን አፍጥነው» አለች። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

ጣቢያው ሲደርሱ ወይዘሮ ገበያነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ኡሙልኸይርን ሲያዩ ተነሡ።

«ልጁን ፍቱት። የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«አታውቂም!» አሉ በቁጣ። «ዶማውን ከደጅ አንስቼ ቆፈርኩበት። ልጁ ሲመጣ ጉድጓዱንም ዶማውንም አይቶ ገብቶታል። ሊሸፍነኝ ብሎ ነው ዝም ያለው። ሌሊቱን እንዲህ ታስሮ ሊያድር ነው? ቲትሩ ይቅርብኝ፤ በሰው ልጅ እንባ የሚገዛ መሬት አልፈልግም።»

«የኤዶ ሐዲጃ ክፍል እንዳይፈርስ ነው?»

ሴትዮዋ ቁጣቸው ሁሉ ወረደ፤ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ወሰዱ።

«ይህች ከተማ ስገባ ማንም አልነበረኝም። ያስጠጋችኝ ሐዲጃ ናት። የመጀመሪያዋን ቆርቆሮዬን ያቆምኩት የሷ ምሰሶ ላይ አስደግፌ ነው። እኔ ነኝ እሷ ዘንድ የመጣሁት፤ እሷ እኔ ዘንድ አልመጣችም።»

«ታዲያ እንዴት በእርስዎ ስም ሆነ?»

«መዝጋቢዎቹ ሰፈሩን ሊጽፉ ሲመጡ ባሏ ገና መሞቱ ነበር። በሃይማኖቷ፣ ባል የሞተባት ሴት የሐዘን ጊዜዋን እስክትጨርስ ከቤት አትወጣም፤ ባዕድ ወንድ ፊትም አትቀርብም። መዝጋቢዎቹ ወንዶች ናቸው። በሯን አንኳኩተው መልስ ቢያጡ ሁለቱንም ቤት አንድ አድርገው በኔ ስም መዘገቡት። ሐዘኗን ስትጨርስ እናስተካክለዋለን አልን፤ ዛሬ ነገ ስንል ጊዜው ሄደ።»

«ለምን አልነገሯቸውም? አብራችሁ መላ ትፈጥሩ ነበር።»

«ሐዲጃን አታውቂያትም! ብነግራት ያንኑ ዕለት ጣውላዋን ነቅላ ትሄድልኝ ነበር። የሰው ነገር ላይ መቀመጥ አትችልም። ድንጋዩን ወዲህ ልትከለውና ነገሩ በዝምታ ይለቅ አልኩ። ሲሚንቶውን ላቦካ ውኃ ልቀዳ ብሄድ፣ ቧንቧው ደርቋል። ከሐዲጃ በርሜል ቀድቼ ስመለስ ድንጋዩ የለም! አገር ቢጠፋብኝ እንዲያ አልደነግጥ።»

ኡሙልኸይር ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። ስንት ወንጀለኛ ፊት የጨከነው ልቧ በዚች ሴት ፊት እንደ ቅቤ ቀለጠ።

«የወሰን ድንጋይ መንቀል ጥፋት ነው እትዬ፤ እጽፈዋለሁ፣ ይቀጣሉም። መዋሸት አልችልም።»

«ጻፊው።»

«ድንጋዩን ግን አግኝቼዋለሁ። መኪናዬ ውስጥ ነው። ቡልቻም አሁኑኑ ይፈታል።»

ሴትዮዋን ከቡልቻ ጋር ወደ ቤት ሸኝታ እንደገና ለሙሕሲን ደወለች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለይዞታው ራሱ፣ ቲትሩ ሳይወጣ፣ መሬቴን አሳንሱልኝ ብሎ ቢጠይቅስ?»

«አሳንሱልኝ?»

«አዎ።»

«እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«የሚከለክል ደንብስ አለ?»

ሙሕሲን አሰበ። «የለም» አለ በመጨረሻ፣ ራሱም እየተገረመ። «ወይዘሮ ገበያነሽ ከፈረሙ ኮሚሲዮኑ ፊት ድንጋዩን አዛውሬ እተክላለሁ። የቀረችውን ክፍል አሮጊቷ በራሳቸው ስም ፈቃድ ይጠይቁባታል።»

በማግስቱ ጠዋት ኮሚሲዮኑ ሲደርስ ያየው እንዲህ ነበር። ሐዲጃ ወንበር ላይ ቆመው ከጣሪያቸው ምስማር ይነቅላሉ። ሁለት ጣውላ ወርዶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ወይዘሮ ገበያነሽ ይህን ሲያዩ ጮኹ።

«ሐዲጃ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቤትሽን እለቅልሻለሁ» አሉ ሐዲጃ፣ ዘወር ሳይሉ። «የጂኦሜትሩን ንግግር ሰምቻለሁ። ጣውላዬ እያለ ቲትር አታገኚም። እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው ሳልነግርሽ የምሄደው።»

ስለዚህ አንዷ ለሌላዋ ስትል መሬቷን ስትቆርስ፣ ሌላዋ ለአንዷ ስትል ቤቷን ስታፈርስ ነበር፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ጣውላ ብቻ ነው፣ ሁለቱም አልተነጋገሩም።

ሙሕሲን ድንጋዩን ታቅፎ መሐል ቆመ። «የት ልትከለው?»

«ወዲያ፣ በነበረበት!» አሉ ሐዲጃ።

«ወዲህ፣ ኩሽናዬ ኋላ!» አሉ ገበያነሽ።

«መሬቱ ያንቺ ነው፤ ከፍለሽበታል!»

«አልፈልገውም አልኩ! በግድ ታሸክሚኛለሽ?»

የኮሚሲዮኑ ሰብሳቢ ብዕሩን ይዞ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን ያያል። የመሬት ጠብ ሲያይ ሸብቷል፤ «ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» የሚባባሉ ሰዎች ግን ገጥመውት አያውቁም። ሰፈሩ ከየቤቱ ወጥቷል። ሽብሩ ሳይቀር ማስቲካውን ማኘክ አቁሟል።

ወይዘሮ ገበያነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ወደ ወንበሩ ተጠግተው የሐዲጃን ቀሚስ ጫፍ ያዙ።

«ሐዲጃ፣ ያን ጊዜ ቆርቆሮዬን ምሰሶሽ ላይ ላስደግፍ ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ?»

ሐዲጃ መዶሻውን ወደ ሌላ ምስማር አዞሩ።

«ንገሪኝ እንጂ። ምን አልሽኝ?»

«ተደገፊ አልኩሽ» አሉ አሮጊቷ፣ መዶሻውን ዝቅ አድርገው።

«እና ተደግፌ ኖርኩ። አሁን ተራው ያንቺ ነው። ውረጂልኝ በይ።»

ሐዲጃ ወረዱ። ከሙሕሲን እጅ ድንጋዩን ተቀብለው ወደ ኩሽናው ኋላ ሄዱ፤ እዚያ ቡልቻ ያንን የተጠረገውን ጉድጓድ ከፍቶ ይጠብቃል። ሐዲጃ ተንበርክከው ድንጋዩን ቀጥ አድርገው ያዙት፤ ገበያነሽም ከወዲያ በኩል ተንበርክከው ያዙት። ቀይ አናቱ ላይ የሁለቱ ሴቶች ያረጁ እጆች ተደራረቡ።

ኡሙልኸይር ቆማ ታያለች። የፖሊስ ሥራ ስትጀምር ሰው ለመሬት ሲል የማያደርገው ነገር እንደሌለ ነግረዋት ነበር። እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለውንም እንደሚያደርግ ግን አልነገሯትም።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ ቀና ብለው። «ሲሚንቶው ውኃ ይፈልጋል፤ አምጪልን እንጂ።»

«ከየት ልቅዳ እትዬ?»

«ከሐዲጃ ቤት ነዋ!»

ኢንስፔክተሯ ባልዲውን አንሥታ፣ ጣሪያው ግማሽ በተነቀለው ቤት በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ገባች።